ሳጅን ድንቁ ዝም ያለበት ቦታ

ይድረስ ለታዬ፣ ለእኔው ለፍላፊ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንድ ብጠይቅህ አሥር ታወራለህ፣ ወረቀቱም አይበቃንም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም አልል። ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ ሰሞኑን የሆነውን ነገር የምነግረው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው። ለጎረቤት ባወራው «ይቺን ሴትዮ ሐዘኑ ናላዋን አዞረው» ይሉኛል፤ እኔም ብሆን እላለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አቃቂ በሰቃ ያለው ቤታችን ፈርሷል። ያ ስንት ዓመት የጠበቅነው የኮንዶሚኒየም ዕጣ አንተ በሞትክ በዓመቱ ወጣልኝ፤ አይ ዕድል! ኮዬ ፈጬ ነው የደረሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። እማዬን ከቃሊቲ አምጥቻት አብረን ነው የምንኖረው። ደረጃውን በወጣች ቁጥር «ከዚህስ ሰማይ ቤት ይቀርባል» ትላለች። ልጃችን ሀና አግብታ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባች። ባሏ ዝምተኛ ነው፣ ተመስገን። ቪዲዮ ታሳይበት የነበረው አዳራሽም የለም። ወዳጅህ ከድር ሱቁን ሌላ ቦታ አዛውሮ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል።

አሁን ሰው ፊልሙን በስልኩ ነው የሚያየው። የአንተን ሥራ ለብሎኩ ልጆች ብነግራቸው አያምኑኝም። አንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ቆሞ፣ የፊልሙን ቋንቋ ሳይሰማ፣ እንግሊዝኛውንም በግምት እያነበበ፣ ፖሊሱንም ሌባውንም ሴቱንም ሽማግሌውንም ብቻውን ሆኖ በአማርኛ ሲያወራቸው የሚውልበት ሥራ። ትርጉም ነበር የምትለው። ድንቄም ትርጉም!

ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ያንን ዓለምን የሚዞር ፖሊስ ነበር። የተሰረቀ የወርቅ ሐውልት ሊያስመልስ ከሀገር ሀገር የሚንከራተተው፣ በመሰላል፣ በጃንጥላ፣ በመጥበሻ የሚደባደበው፣ መትቶ ሲያበቃ እጁን አሞት የሚዘለው። ሳጅን ድንቁ ብለህ ስም አወጣህለት። በረዶ ያለበት ሀገር ሲደርስ «ሳጅን ድንቁ ደብረ ብርሃን ገባ» ትላለህ። ትልቅ አየር ማረፊያ ውስጥ ሲሯሯጥ «ቃሊቲ መናኸሪያ ነን፣ ኪሳችሁን ጠብቁ» ትላለህ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሚስቱን ደግሞ በእኔ ስም ጠራሃት። በሄደበት ሁሉ ስልክ ያነሳና «የውቤ፣ ማርያምን መጣሁ» ይላል።

ተጣልተን ካደርን እርቁን የምትልከው በእሱ አፍ ነበር። ሳጅን ድንቁ ከሰባት ወንበዴ ጋር እየተናነቀ በመሃል «የውቤ፣ የትናንቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። እኔ በር ላይ ትኬት እየቆረጥኩ እሰማለሁ። ሰዉም ዘወር ብሎ ያየኛል፤ ፈገግ ካልኩ ያጨበጭባል። በሰቃ ውስጥ መጣላታችንንና መታረቃችንን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እፍረት ነው፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ምን እደብቅሃለሁ።

የመጨረሻው ጠባችን ግን እንዲህ አላለቀም። ያን እሑድ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ መጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንተ ምን እንደነካህ እንጃ፣ የሌቦቹን አለቃ እናት በእማዬ ድምፅ አወራሃት። ያንን አፍንጫዋን ሳብ ማድረጓን፣ ያንን በምርቃት ጀምራ በእርግማን የምትጨርሰውን፣ አንዱንም አላስቀረህም። ሰው ሁሉ እሷን እያየ ሳቀ። ተነስታ ወጣች። ማታ ስጠይቅህ «ቀልድ እኮ ነው» አልከኝ። እኔም ጨርቄን ጠቅልዬ እማዬ ቤት ቃሊቲ ገባሁ። አሥራ ሰባት ቀን አኮረፍኩህ። ከድርን ሽማግሌ አድርገህ ላክህ፤ ደጃፍ ላይ ሻይ እንኳ ሳላቀርብለት መለስኩት።

በዚያ ሰሞን ሳጅን ድንቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፍላሽ ለመሸጥ እየቀረጽክ ነበር፤ ከከድር ሱቅ ጀርባ ባለችው፣ ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽ በለበጥካት ጠባብ ክፍል። በአሥራ ሰባተኛው ቀን እዚያው ወንበርህ ላይ ሞትክ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ክኒንህን በሥርዓቱ ውሰድ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ያን ቀን ቀትር ላይ እማዬ ልካኝ እዚያች ክፍል ገብቼ ነበር። አንድ ቃል ሳልናገርህ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ከድር ደወለ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሲበላኝ የኖረው ይኸው ነው፤ ተቀይመኸኝ ሞትክ ወይስ አልተቀየምከኝም? ለቅሶ ላይ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ በሆዴ «ያኮረፈችውን ሴት ምን ያጽናናታል» እል ነበር። ንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው፤ ጸልዪ አሉኝ፣ ጸለይኩ። ከድር ያን የመጨረሻውን ቅጂ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል አባዝቶ ለደንበኞችህ መታሰቢያ ብሎ ሲሰጥ ለእኔም አንዱን ፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ፈራሁት። በሳጅን ድንቁ አፍ እርቅ ስትልክልኝ የኖርክ ሰው፣ በእሱው አፍ ብትረግመኝስ? ሳልከፍተው ቤቱ ሲፈርስ ጠፋ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ወር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ልብስ ሳጥብ ግድግዳው ውስጥ ሳልህን ሰማሁ። ሳልህ አይጠፋኝም፤ ሁለቱ ደረቅ፣ ሦስተኛው እርጥብ። መዘፍዘፊያው ውስጥ እጄን እንደነከርኩ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ «የውቤ!» አልክ።

«አቤት!» አልኩህ፣ እንደ ልማዴ።

እማዬ ከሳሎን «ማንን ነው አቤት የምትዪው?» አለችኝ። ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። የሞተ ሲጠራ አቤት አይባልም፣ አቤት ያሉት እንደሆነ መንገዱን ያሳዩታል ብላ የነበረንን ጸበል ሁሉ ግድግዳው ላይ ደፋችው። ግድግዳው እየተንጠባጠበ አንተ ማዶ ሆነህ ትስቅ ነበር። ስቄ አላውቅም እንዳትለኝ፤ እማዬም ሰምታሃለች።

ማዶ ያለው ቤት ግን ባዶ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን እንኳ አልተረከበም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የብሎኩን ዘበኛ ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። በተሰበረው መስኮት አጮልቀን ስናይ የሲሚንቶ ወለልና የርግብ ኩስ ብቻ ነው ያለው። ዘበኛው «እትዬ፣ እዚህ ቤት የሰው እግር ገብቶ አያውቅም» አለኝ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከውስጥ፣ ከዚያ ከባዶው ቤት፣ «እሰይ! በለው! ጥርሱን ልቀምለት!» አልክ። ዘበኛው አማተበ፤ በር የሚጠብቅልኝ የለም ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ከሩቅ ነው የሚመልሰው።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣ ጀመር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሳጅን ድንቁ መሆኑን አውቄ ነበር፤ ማወቄ ግን ፍርሃቱን አልቀነሰልኝም። ደብረ ብርሃን ትገባለህ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ትገባለህ፣ «የውቤ፣ ማርያምን መጣሁ» ትላለህ፤ መጣሁ ባልክ ቁጥር በሩን አየዋለሁ። ወደ መጨረሻው ግድም የመሰላሉ ድብድብ ይመጣል። እዚያ ላይ ድንገት «ቆይ ቆይ፣ ሰው መጣ» ትላለህ። ከዚያ በኋላ የለህም። በየቀኑ እዚያው ቃል ላይ ጸጥ ነው። ጆሮዬን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ማን ነው የመጣው እላለሁ። እማዬ ሀና ቤት ካልሄድን ብላ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በር ላይ አስቀመጠች።

አንድ ቀን ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረጃ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። ድምፅህ ሲጀምር ተከትዬህ ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎላ አልክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ደረቴን መታኸኝ። የመታጠቢያ ቤቶቹ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች በአንድ ክፍተት ነው የሚወርደው፤ ለካ በእሱ በኩል ነበር የምትወጣው። እዚያ አንድ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ለቴሌቪዥኑ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ዓይነ ስውር ናቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። እርሻቸው እዚሁ ሰፈሩ የተሠራበት ላይ ነበር፤ እኔ የምተኛበት ብሎክ የጤፍ አውድማቸው እንደነበር ነገሩኝ። ጤፋቸውን አቃቂ ገበያ ከሸጡ በኋላ ሁልጊዜ አዳራሽህ ይገቡ ነበር። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደው በኋላ ልጃቸው ለማታ ፈረቃ ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት ያንን የከድርን ፍላሽ ትከፍትላቸዋለች፤ መዝጋቱን በሪሞት ራሳቸው ይችሉበታል። «ሌላው ፊልም ለዓይን ነው፣ የታዬ ግን ለጆሮ ነው» አሉኝ። «ሰውዬው ሲወድቅ በየት በኩል እንደወደቀ እንኳ ይነግረኛል።» ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ «ሰው መጣ» የምትለው ቦታ ደረሰ፤ ኦቦ ቶሎሳም አጠፉት። ለምን እዚያ ላይ ያጠፋሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ አንድ ቀን ከዚህ አልፌ ሰምቼው ነበር። እሱ ሰው መጣ ይላል፤ በር ይከፈታል፤ የሚገባው አይናገርም። የእግሩ ኮቴ ብቻ ይሰማል። አንድ ነገር ጓ አድርጎ አስቀምጦ ይወጣል። ፈርቼ እዚያው ላይ አጠፋሁት፤ ታዬ ይህን ሲቀርጽ እንደሞተ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው አይደለም የገባው። መልአከ ሞት ነው።»

ታዬ፣ ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥኩ።

«ኦቦ ቶሎሳ» አልኳቸው፣ «ያ የገባው እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ቀስ አድርገው ዘርግተው የእጄን አንጓ ፈለጉ። ያዙኝ፤ የሚሞቅ መሆኔን አረጋገጡና ትንፋሻቸው ወጣ። ሚስቱ ነኝ፣ አኩርፌው ነበር፣ ምን ብሎ እንደሞተ አላውቅም አልኳቸው። ይቅርብሽ አሉኝ። ለመንኳቸው። ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከፈትኩት። በሩ ሲጢጥ አለ። የኮንጎ ጫማዬ ገባ፣ ጧ ጧ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጓ አለ። ከዚያ ዝምታ፤ ያ የእኔ ዝምታ ነው፣ ቆሜ የማይህ። መልሶ ኮቴዬ፣ በሩ፣ አለቀ። ራሴን ጥዬህ ስወጣ ሰማኋት። ያቺን ሴትዮ «ነይ ተመለሺ፣ አንቺ ግትር!» ብዬ ልጮህባት ምንም አልቀረኝ። አንተ በቀስታ፣ በሳጅን ድንቁም በማንም ድምፅ ሳይሆን በራስህ፣ «ሄደች» አልክ። እዚህ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እርግማኑን ስጠብቅ።

የዕቃ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። «እሰይ!» አልክ። «ጎመን በሥጋ! ጎበዝ፣ የውቤ ታረቀችኝ! ወንበዴዎች፣ ለምሳ እረፍት ውጡ!» ወንበዴዎቹ ግን አልወጡልህም፤ ፊልሙ መቼ ይቆማል። አንተም አፍህ እንደሞላ ቀጠልክ። ሳጅን ድንቁ በመሰላል ሰው እያነጠፈ ያላምጣል፣ «ይህን የበላ ፖሊስ ሰባት ሰው አይበዛበትም» ይላል፣ ጣቱን ይልሳል። ኦቦ ቶሎሳ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እኔ ሳቄና ለቅሶዬ ተደባለቀብኝ። አልተቀየምከኝም፣ ታዬ። ደስ ብሎህ ነበር።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ከእንግዲህ አልዋሽህም። ጎመኑ የእኔ አልነበረም። እማዬ ናት የሠራችው፣ ያ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቀለድክባት። ጠዋት ተነስታ ሠራችና «እኔ ይቅር ካልኩት አንቺ ምን ቤት ነሽ? ሰውዬው ሻይ በዳቦ ሊሞት ነው፣ አድርሺለት» አለችኝ። እያጉረመረምኩ ነው የያዝኩት። ጠረጴዛው ላይ ጓ ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው፣ እንዲሰማህ። ያኮረፈ ሰው ምግብ ይዞ ከመጣ፣ ያም ከተበላ፣ እርቅ ወርዷል ማለት ነው፤ አንተ ምን አጠፋህ? ደግ ነገር ገመትክብኝ። እኔ ግን አልታረቅኩህም ነበር።

ምሳህን ከጨረስክ በኋላ «ሳጅን ድንቁ ዛሬ ማታ ሄዶ ሚስቱን ያመጣል» አልክ። ሳልክ። ወንበሩ አንዴ ሲጥ አለ። ከዚያ አንተ የለህም።

ማይኩ ክፍት ነበር፤ ቀረጻውም ቀጥሏል። የቀረው የፊልሙ ጩኸት ብቻ ነው፤ መስታወት ይሰበራል፣ ሰው ይወድቃል፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ እኔም ኦቦ ቶሎሳም በማናውቀው ቋንቋ ይጯጯሃሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር ግን የዚያች ክፍል ጸጥታ ይሰማል፣ የስፖንጁ ጸጥታ። አንተ እዚያ ውስጥ ነህ። ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር፣ ግን ብቻህን ጥዬህ ለሁለተኛ ጊዜ መውጣት አቃተኝ።

ኦቦ ቶሎሳ እጄን እንደያዙ «አሁን ምን እያደረገ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግራቸው ሰው የለም። እኔ በሕይወቴ ማይክ ይዤ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና «ሳጅን ድንቁ ሐውልቱን አስመለሰ» አልኳቸው። «ልብሱ ተበጫጭቋል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አሁን ሰፈሩ ገባ። በር አንኳኳ።»

«ከፈተችለት?»

«ከፈተችለት።»

«ምን አለችው?»

ፊልሙ ላይ ያለችው ሴት ጣቷን አፍንጫው ላይ ቀስራ ትቆጣው ነበር። ቁጣዋ ምን እንደሚል አላውቅም፤ አንተም ብትሆን አታውቀውም ነበር። እኔ ግን «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግባ አለችው» አልኩ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር አፌ ውስጥ የከረመ ቃል ነው። አንተም ይቅር በለኝ።

ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል አደረጉ። ፊልሙ አልቆ ጥቁር ሆኗል፣ ምንም ድምፅ የለም። «ሳቀ» አሉኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ቤት ወጥቼ ጎመኑን አንጠፍጥፎ በልቶት ነው የሞተው ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። «ጨው አልበዛበትም?» አለችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ከዚያ ተነስታ ፌስታሉን ፈትታ ልብሷን ወደ ቦታው መለሰች።

ታዬዬ፣ አልረሳህም ብሎ መጻፍ ለመቃብር ድንጋይ ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ቃል ገባሁልህ፤ ጉልበቴ ደረጃውን እስከቻለልኝ ድረስ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እወርዳለሁ፣ አንተ ዝም ካልክበት ላይ ተቀብዬ እጨርስልሃለሁ። አሁን አሁንማ እየለመድኩት ነው፤ ትናንት ለወንበዴዎቹ ስም አወጣሁላቸው። ኦቦ ቶሎሳ ግን ከቀልዴ ይልቅ የሚጠብቁት ያንን መጨረሻ ነው። ፊልሙ ሲጠቁር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በየቀኑ «ሳቀ» ይላሉ።

ትናንት እኔም ሰማሁህ።

ባለቤትህ የውቤ